እንደ ቤቴ ወይስ እንደ ጎረቤቴ?

ደመወዝ ከወጣ ስንት ቀን ሆነው? ይኼን ስጠይቅ ፈገግ ያላችሁም፣ ግንባራችሁን የቋጠራችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዛሬው ጨዋታችን ኪሳችንን ይመለከታል። ፍቅርና ትዳርም ገብቶበታልና እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ሰሞኑን ከዚሁ ከባሕር ዳር አንድ ወጣት ደብዳቤ ጽፎልኛል። "ስሜ እንዳይጠቀስ አደራ" ብሏል፤ አደራው የተጠበቀ ነው። ዕድሜው 29፣ ሥራው የሁለተኛ ደረጃ መምህር። እጮኛው አንድ የግል ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው። አራት ዓመት ተዋደው ቆይተዋል፣ ሽማግሌ ተልኮ "እሺ" ተብሏል፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው። ነገር የመጣው እቁብ የወጣለት ቀን ነው። (እቁብ ወጥቶለት የሚጣላ ሰው አለ እንዴ? አትሉም? ሞልቷል!)

እቁባቸው 30 ሰው ነው፤ በወር 5,000 ብር ይጣላል። በስምንተኛው ዕጣ 150,000 ብር እጁ ገባ። ልጁ ደግሞ የቤት ሥራ ማኅበር አባል ነው። መቼም የክልላችንን የቤት ማኅበር ነገር ታውቁታላችሁ... ሰው ተደራጅቶ መሬት ለማግኘት መጀመሪያ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣል። እሱ "ብሩን በሙሉ ዝግ ሂሳብ ላስገባው፣ ሰርጉን እቤት በትንሹ እንወጣው" አለ። እሷ "ሰርጋችን ሐይቅ ዳር ሆቴል አዳራሽ ይሁን፣ ፎቶውንም በጀልባ እንነሳ" አለች። ተጯጯሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸው፣ ሰላምታ እንኳን የለም። የደብዳቤው መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ "እውነቱን ንገሩኝ። ይቺ ልጅ የምታገባው እኔን ነው ወይስ ፎቶውን?"

ወንድሜ፣ መልሴን ከመስጠቴ በፊት ትንሽ ዞር ብለን እንምጣ። ይኼ ጠብ እናንተ ሳትወለዱ የተጀመረ ነውና።

ከ"አለ ወይ?" ወደ "አለህ ወይ?"

የከተማችን ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ እንደምሰማው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው በብዛት የታየው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወዲህ ነው። ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ቴክኒሻኑ... ብስክሌት ገዝቶ ወደ ፈረቃው የሚሄድ ሰው ያኔ "ደህና ኑሮ ያለው" ይባል ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። በዚያን ጊዜ ቋንቋ የተማረ ደመወዝተኛ "ንዑስ ከበርቴ" ነው፤ ይኼ ደግሞ ምርቃት አይደለም። ዛሬ ሁላችንም "መካከለኛ ኑሮ ያለው" ተብለን እንድንታይ እንለፋለን፤ ያኔ መታየቱ ራሱ ያስፈራ ነበር። ብር ቢኖርም ዕቃ የለም። ስኳሩም ሳሙናውም ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው። ዶላሩ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ ነበር። ሰው ገበያ ወጥቶ የሚጠይቀው "ዕቃው አለ ወይ?" ብሎ ነው። የለም ከተባለ፣ ከጥቂት ባለሥልጣን በቀር፣ ለሁሉም የለም። ጎረቤት በጎረቤቱ ፊት በዚህ አያፍርም።

በ1983 መንግሥት ተለወጠ። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ዘለለ። በ1986 የግል ባንክ የሚፈቅደው አዋጅ ወጣ። ሱቁ ሞላ። ቡፌ፣ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን፣ ቪዲዮ ዴክ... እነዚህን ሳሎኑ የደረደረ ሰው "አለፈለት" ተባለ። ጥያቄውም አብሮ ተለወጠ፤ "ዕቃው አለ ወይ?" ቀርቶ "ብሩ አለህ ወይ?" ሆነ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ጥፋቱ የመንግሥት ነበር። ብር ሲጠፋ ግን ጥፋቱ ያንተ ሆነ፤ "ምን ነክቶት ነው እስካሁን ያልተለወጠው?" ተባልክ። ችግሩ ሳያንስ እፍረት ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ነገር የምንገዛው አስፈልጎን ነው፣ ስንቱንስ እፍረት ለመሸፈን ነው? እስቲ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ መልሱ።

ስልኩ በዶላር፣ ደመወዙ በብር

የቅርቡን ደግሞ ራሳችሁ አይታችኋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ተከለከሉ። ሽቶው፣ የውጭ መጠጡ፣ አርተፊሻል ፀጉሩ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ክልከላው ተነሳ፤ ብርም በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ዕቃው መጣ፣ ዋጋው ግን ከኛ ራቀ።

እኔ 12ኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ማካፈል ግን አልረሳሁም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ ለሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ደስ ይላል። ይኼ ብር በ57 ሂሳብ ቢሆን 200 ዶላር ገደማ ነበር። መስከረም ላይ ግን ዶላር በባንክ ከ140 ብር በላይ ስለነበር፣ 82 ዶላር እንኳን በቅጡ አይሞላም። እንግዲህ አይፎን የሚመጣው በዶላር ነው፤ ደመወዛችን የሚከፈለው በብር። ስልኩ በየዓመቱ እየሸሸ፣ እኛ በየዓመቱ እየሮጥን... መቼ ነው የምንደርስበት?

ታዲያ አልተውነውም! ካፌ ገብታችሁ እዩ። ማኪያቶ ይቀርባል፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ካሜራዎቹ እንዲታዩ ነዋ! ባለቤቱ የቤት ኪራይ ሁለት ወር ውዝፍ ሊኖርበት ይችላል። ካሜራው ግን ሦስት ነው። ደግሞ አሁን መበደር ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ በ2014 ደግሞ ብድሩ ተከተለ። አንደኛው አገልግሎት ስሙ "እንደኪሴ" ነው። የሚሞላልህ ግን ኪስህ ያልቻለውን ነው! ብድሩ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰው ቢታመም ያደርሳል። ለማኪያቶና ለፎቶ ሲሆን ግን እፍረታችንን በወለድ እየሸፈንን ነው።

የወር ፈተና

እሺ፣ ታዲያ መካከለኛ ኑሮ ማለት ምንድነው? እኔ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰፈሬ ሰው የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንድ የማውቀው አስጎብኚ ነበር። ቱሪስቶችን በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዘጌ ገዳማት፣ በመኪና ወደ ጢስ አባይ ይወስዳል። ጉርሻው በዶላር ነው። ጫማው፣ መነጽሩ፣ ሰዓቱ... ሰፈሩ "ፈረንጁ" እያለ ይጠራው ነበር። ሚስቱ እቁብ ሲደርሳት የስፌት መኪና ገዛች። እሱ ሳቀባት፤ "ይኼ ቆርቆሮ ምን ያደርግልሻል?" አላት አሉ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ፤ ቱሪስት ቀረ። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ። "አሁንስ ሊሻለን ነው" ሲባል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ራሱ ግጭት ውስጥ ገባ፤ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ከረመ። የጀልባ ሰዎች ጀልባቸውን አስረው ሐይቁን ሲያዩ ዋሉ። "ፈረንጁ" መጀመሪያ ሰዓቱን ሸጠ፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን። የገዛበትን ግማሽ ዋጋ የሰጠው ሰው አልተገኘም። ሁለት ልጆቹን ያበላቸው ያ ቆርቆሮ ነው። ሚስቲቱ ሱሪ እያሳጠረች፣ መጋረጃ እየሰፋች ቤቱን አቆመችው። ዛሬ እሱ ራሱ ቁልፍ ይተክላል፤ በዚህም አያፍርም።

እንግዲህ የኔ መለኪያ ይኼ ነው፦ ደመወዝህ ዛሬ ቢቆም ሰው ሳታስቸግር ስንት ወር ትቆያለህ? አንድ ሳምንት የሚል ሰው ሦስት ካሜራ ቢይዝም ድሃ ነው፤ ድህነቱን በደንብ ያለበሰ ድሃ። ስድስት ወር የሚል ሰው አሮጌ ብስክሌት ቢነዳም መካከለኛ ኑሮ አለው። አባቶች "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ሲሉ ዝም ብለው አልነበረም። ባልተከፈለ ዕዳ የተገዛ ወርቅም ገና የሰው ወርቅ ነው።

ወንድሜ፣ እቁቡን ቆጥረኸዋል?

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። እጅህ የገባው 150,000 ብር ሁሉም ያንተ ይመስልሃል። አይደለም። እስካሁን የጣልከው ስምንት ወር ነው፣ 40,000 ብር። የቀረው 22 ወር ነው፣ 110,000 ብር። ይኼ ገና ያልሠራህበት ደመወዝ ነው፤ 22 ሰው አምኖ አበደረህ ማለት ነው።

ግን ዕድለኛም ነህ። ዋጋ በሚወጣበት ዘመን እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ይጠቀማል። የዛሬ ሁለት ዓመት የምትጥለው 5,000 ብር ከዛሬው 5,000 የቀለለ ነውና። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ብሩ የሚቆይ ነገር ላይ ካረፈ ነው፤ መሬት፣ የስፌት መኪና፣ ቆርቆሮ፣ ሙያ። አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ከተበላ፣ 22 ወር ሙሉ ያለቀ ምሳ ስትከፍል ልትኖር ነው። ስለዚህ በገንዘቡ ነገር ሐሳብህ ልክ ነው። ዝግ ሂሳብ የገባ ብርም ቁጭ ባለ ቁጥር ዋጋው እንደሚሟሽሽ እወቅ እንጂ፣ መሬቱን ካስገኘልህ ተክሶልሃል።

"ይኸው! እኔ አላልኩም?" ብለህ ልጅቷ ፊት ጋዜጣውን ልትዘረጋ እንደሆነ ይታየኛል። ቆይ ወንድሜ! አልጨረስኩም።

የቀረውን 22 ወር የሚከፍለው ማነው? ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው ብለሃል። ከዚያ ወዲህ የሁለታችሁ ደመወዝ የጋራ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የእቁብ ዕዳ የሚከፈለው ከሷም እንጀራ ተቆርሶ ነው። ቤቱስ በማን ስም ነው? ባንተ ስም። በቤተሰብ ሕጋችን መሠረት ሰው ከመጋባቱ በፊት ያፈራው ንብረት የግሉ ሆኖ ይቀጥላል። እንግዲህ አንተ "ሰርጉን ተዪ" ስትላት፣ እሷ ሰርጓን ትታ ባንተ ስም ለሚሠራ ቤት ዕዳ ልትከፍል ነው። ይኼን አስበኸው ታውቃለህ? እሷ ባንክ ነው የምትሠራው፤ አስባዋለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

የእሷንም ቃል በቴሌግራም እንደላከችልህ ገልብጠህ ስለላክልኝ አመሰግንሃለሁ። እንዲህ ብላለች፦ "አምስት ዓመት ሙሉ የሥራ ባልደረቦቼን ሰርግ በልቻለሁ። ለሚዜ ልብስ አዋጥቻለሁ፣ ለስጦታ አዋጥቻለሁ። የኔ ሲደርስ ተደብቄ ላግባ? ነገ ብታመም፣ እናቴ ብትሞት ማን ደጄ ይመጣል?"

ወገኖቼ፣ ይኼ የፎቶ ጉዳይ ነው? አይደለም! ይኼ ዕዳ ነው፤ የሰው ዕዳ። ባለፉት ዓመታት ከተማችን ሲጨንቃት ያቆመን ባንክ ብቻ አይደለም፤ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የጎረቤት ጤፍ ነው። የሰው ሰርግ በልቶ የራሱን የደበቀ ሰው ነገ ሲቸግረው በር ማንኳኳት ያፍራል። ከወር ፈተናው ላይ ሰውም ይቆጠራል።

እንግዲህ ምክሬ

አንደኛ፦ ዛሬውኑ ደውልላት። "ፎቶውን ነው የምታገቢው" ላልከው ይቅርታ ጠይቅ። ፎቶውን ሳይሆን ሰውን ነው የጠየቀችህ፤ አንተ አልሰማሃትም።

ሁለተኛ፦ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና የሁለታችሁን የሰው ዕዳ በስም ጻፉ። የማንን ሰርግ በላችሁ? ማን ለቅሷችሁ ላይ ተገኘ? እነዚህ ይጠሩ። በፌስቡክና በቲክቶክ እንዲያዩላችሁ ብቻ የምትጠሯቸው ይቅሩ። ዝርዝሩ ከገመታችሁት እንደሚያንስ እወራረዳለሁ።

ሦስተኛ፦ እህቴ፣ አሁን ላንቺ ነው። የሰው ዕዳ በአዳራሽ አይከፈልም፤ በማዕድ ነው የሚከፈለው። ያቺ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሽ ሰርጓን ስታስታውሺ ትዝ የሚልሽ የአዳራሹ መጋረጃ ነው ወይስ አብራችሁ የጨፈራችሁት? የእድሩ ድንኳንና ወንበር፣ የእናትሽና የጎረቤቶችሽ ጠላና ድፎ ዳቦ ማንንም አላሳፈረም። ወጪው ደግሞ ከእቁቡ ውጪ በእጃችሁ ካለው አይለፍ። "ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት" ይባል የለ?

አራተኛ፦ ብሩ ዝግ ሂሳብ ይግባ፤ ግን ከሰርጉ በፊት፣ ቢቀር በዕለቱ፣ የጋብቻ ውል በጽሑፍና በምስክር ፊት ተዋዋሉ። ቤቱ የሁለታችሁ ነው ብላችሁ ጻፉ። ይኼን ሕጉ ይፈቅዳል። ማኅበራችሁንም ሆነ የሕግ ባለሙያ ቀድማችሁ ጠይቁ። ወንድሜ፣ "ውል ፍቅር ያቀዘቅዛል" የሚልህ ሰው ቢመጣ አትስማው። እሷ ሰርጓን ስትተውልህ አንተ ስምህን ካላካፈልካት ነው ፍቅር የሚቀዘቅዘው።

አምስተኛ፦ ፎቶውን ተነሱ! ማን ከለከላችሁ? ጣና ኪራይ አይጠይቅም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ሚዜ ሁሉ ተሰልፎ ይበቃዋል። ሞተር ጀልባው ቢቀር ከደንገል የተሠራ ታንኳ አጠገብ ቆማችሁ ተነሱ። የኛ አገር ፎቶ ያ ነው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ውድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ማንም ባያየኝ ይኼን እገዛው ነበር? ነገ ቢቸግረኝ መልሼ ስንት እሸጠዋለሁ? ዕዳውን የሚከፍለው ማነው፣ እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ያላማከርኩት ሌላ ሰውም አለ? ሦስቱንም ሳታፍሩ ከመለሳችሁ ግዙት፣ ይባረክላችሁ! ሰው ድሎት አይይ ያለ የለም። እኔም ማኪያቶ እወዳለሁ።

ያገሬ ሰው "እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር" ይላል። እኔ አንድ ልጨምርበት፦ ቤትህ ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ግን ሁለቱም ይጠየቁ። የሁለቱ ልጆች መጨረሻ ምን እንደሆነ ከጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አወጋችኋለሁ። እናንተም በእቁብ፣ በሰርግ፣ በስልክ የተነሳ የገጠማችሁ ካለ ጻፉልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!